ዋሊድ ጁምብላት እና ሹፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሊባኖስን ዜና የሚከታተል ሰው ከዋሊድ ጁምብላት ስም ማምለጥ አይችልም። መላጣ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ፈጠጥ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ ከአንዱ ጎን ቆመው ይታያሉ፣ ነገ ከሌላው። በአማርኛ ስለ እሳቸው የሚጻፈው ግን ከዜና ዘገባ ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ሰውየው ማን ናቸው?

ድሩዝ የሚባለው የሊባኖስ አነስተኛ የሃይማኖት ማኅበረሰብ ትልቁ የፖለቲካ መሪ ናቸው። የተወለዱት በ1949 ነው። ከቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ ተመርቀዋል። ወጣት ሳሉ በሞተር ሳይክልና በቆዳ ጃኬት ይታወቁ ነበር። ፖለቲካውን የሚፈልጉት አይመስሉም ነበር ይባላል። ፖለቲካው ግን ፈልጓቸው መጣ።

የተራማጅ ሶሻሊስት ፓርቲን ከ1977 እስከ 2023 መርተዋል። 46 ዓመት መሆኑ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2018 የሹፍ የፓርላማ ተወካይ ነበሩ። ከ1984 ጀምሮ በተለያዩ መንግሥታት ውስጥ ሚኒስትር ሆነዋል። በእርስ በርስ ጦርነቱ ደግሞ ሚሊሻ አዝዘዋል።

ሊባኖሶች "ዋሊድ ቤክ" ይሏቸዋል። "ቤክ" ከኦቶማን ዘመን የቀረ ማዕረግ ነው። በእኛ ቋንቋ "ባላባት" ብንል እንቀርበዋለን። የሶሻሊስት ፓርቲ መሪ በባላባት ማዕረግ ሲጠራ ሊባኖስ ውስጥ የሚስቅ የለም።

ሹፍ የት ነው?

ከቤይሩት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። የሊባኖስ ተራራ ከሚባለው አውራጃ አንዱ ወረዳ ነው። ከሜዲትራኒያን ዳርቻ ተነስቶ ባሩክ ተራራ አናት ላይ ያልቃል። ጠዋት ባህር ዳር ዓሣ በልቶ ከሰዓት በረዶ የሚያይበት ጊዜ አለ።

አንድ ዓይነት ሕዝብ ያለበት አገር እንዳይመስላችሁ። ከፍ ሲባል ሙክታራ፣ ባዕቅሊን፣ ባሩክ አሉ፤ ድሩዝ የሚበዛባቸው ናቸው። መሐል ላይ ዴር ኤል ቀመር አለች፣ የማሮናውያን ክርስቲያኖች ጥንታዊ ከተማ። ወደ ባህሩ ሲወርዱ ኢቅሊም አል ኻሩብ የሚባለው አካባቢ ይመጣል፤ እዚያ የሚበዙት ሱኒ ሙስሊሞች ናቸው። ዳሙር ደግሞ ባህር ዳር ያለች የክርስቲያኖች ከተማ ናት። ተራራው ላይ ያለ መሪ ወደ ቤይሩት ለመውረድ በሌሎች ሰፈር ማለፍ አለበት። ይሄን ካርታ በአእምሯችሁ ያዙት፤ ብዙው ነገር ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ድሩዞች ሙስሊም ናቸው?

መነሻቸው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ፣ በፋጢማውያን ሥርወ መንግሥት ዘመን ከነበረው የኢስማኢሊ እስልምና (የሺዓ ቅርንጫፍ) ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የራሳቸውን መንገድ ይዘዋል። ነፍስ ሰው ሲሞት ወደ ሌላ ሰው ሥጋ ትዛወራለች ብለው ያምናሉ። ሃይማኖቱ ለአዲስ ገቢ ዝግ ነው። ከ11ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ አይሰብኩም። ከውጭ ሰው ጋር መጋባትም አይወደድም። የሃይማኖቱን ምስጢር የሚያውቁት "ዑቃል" የሚባሉት ብቻ ናቸው። ነጭ ቆብና ጥቁር ሰፊ ሱሪ ካያችሁ እነሱ ናቸው። የቀረው ሕዝብ፣ ጁምብላትን ጨምሮ፣ ከምስጢሩ ውጭ ነው።

ከሊባኖስ ሕዝብ 5 በመቶ ገደማ ናቸው ይባላል። "ይባላል" ያልኩት በምክንያት ነው። ሊባኖስ ከ1932 ወዲህ ሕዝብ ቆጥራ አታውቅም። ቁጥሩ ከተነገረ የሥልጣን ክፍፍሉ ስለሚናጋ ሁሉም ዝም ማለቱን መርጧል።

ጁምብላት የሚለው ስም የዐረብ ይመስላል?

አይደለም። ቤተሰቡ መነሻው ከሰሜን ሶሪያ የኩርድ ባላባቶች ነው ይባላል። ጃንቡላድ ይባሉ ነበር፤ ነፍሱ ብረት የሆነ እንደማለት ነው። በ1607 ከመካከላቸው ዓሊ የሚባለው አሌፖ ላይ በኦቶማኖች ላይ አምጾ ተሸነፈ። በዚያው ክፍለ ዘመን ቤተሰቡ ሹፍ ገብቶ ሰፈረ።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤተሰቡ ታሪክ የሐዘን መዝገብ ይመስላል። በሽር ጁምብላት በሊባኖስ ተራራ ላይ ከነገሠው አሚር በሽር ሺሃብ ጋር ተጣልቶ በ1825 በፍልስጤም የወደብ ከተማ በአካ ተገደለ። የዋሊድ አያት ፉአድ በ1921 ሹፍ ውስጥ ደፈጣ ተደርጎባቸው ሞቱ። ልጃቸው ካማል ገና አራት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃን ነበሩ። ቤቱን ማን ያዘው? ሚስቲቱ። ሲት ነዚራ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆነው ሽማግሌና ባለሥልጣን እየተቀበሉ ሹፍን ከ20 ዓመት በላይ መሩ። በእኔ አስተያየት ከቤተሰቡ ሁሉ ብዙ ሊጻፍላቸው የሚገባው እሳቸው ነበሩ።

አባታቸው ካማል ጁምብላት ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?

ለየት ያሉ። ባላባት ሆነው ተወልደው በ1949 ሶሻሊስት ፓርቲ መሠረቱ። ሥጋ አይበሉም ነበር። ሕንድ እየሄዱ ከመንፈሳዊ መምህራን ጋር ይቀመጡ ነበር። ሶቪየት ኅብረት የሌኒንን የሰላም ሽልማት ሰጥታቸዋለች። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር በሆኑ ጊዜ ታግደው የነበሩ ፓርቲዎችን ፈቀዱ።

ጦርነቱ በ1975 ሲጀመር ከፍልስጤሞች ጋር የተሰለፈውን የግራ ክንፍ ኅብረት መሩ። ሊያሸንፉ ሲቃረቡ ሶሪያ ጦር አስገባችና አቆመቻቸው። እሳቸውም ለሶሪያ አልታጠፍ አሉ። ማርች 16 ቀን 1977 በዚያው በሹፍ መንገድ ላይ፣ መኪናቸው ውስጥ በጥይት ተገደሉ።

ቀጥሎ የሆነው ሹፍ ውስጥ እስከ ዛሬ ጮክ ተብሎ አይነገርም። በንዴት የገነፈሉ ታጣቂዎች በግድያው እጃቸው የሌለበትን የጎረቤት መንደር ክርስቲያኖች ፈጁ። ከመቶ በላይ ሰው አለቀ።

ታዲያ ዋሊድ ከአባታቸው ገዳዮች ጋር ለምን ተጨባበጡ?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ግድያውን ያዘዘችው ሶሪያ ናት ተብሎ ያን ጊዜም በሰፊው ይታመን ነበር። ዋሊድ 27 ዓመታቸው ነበር። የአባታቸው አርባ እንዳለፈ ደማስቆ ሄደው ከሶሪያው ፕሬዚዳንት ከሐፌዝ አል አሳድ ጋር ተጨባበጡ።

ፈሪ ናቸው ያለ ነበር። ብልህ ያለም ነበር። ነገሩን ከቤተሰቡ መንደር ከሙክታራ ሆነን እንየው። በስተምሥራቅ ተራራውን ከተሻገሩ የበቃዓ ሸለቆ ነው፤ የሶሪያ ጦር ሰፍሮበታል። በሰሜን የክርስቲያን ታጣቂዎች አሉ። በደቡብ እስራኤል አለች። ሕዝቡ ጥቂት ነው። ደም ልመልስ ቢሉ በማን ጦር? የቀረውን 46 ዓመት የቀረጸው ያ መጨባበጥ ነው።

ነገሩ ግን አልተረሳም። የሐፌዝ ልጅ በሽር አል አሳድ ከሥልጣን ከወደቁ በኋላ፣ ማርች 2025 ላይ፣ የሶሪያ አዲሱ መንግሥት በካማል ግድያ የሚጠረጠሩትን የቀድሞውን የአየር ኃይል ደኅንነት ሹም ኢብራሂም ሁወይጃን ያዘ። ግድያው 48ኛ ዓመቱን ሊደፍን አሥር ቀን ያህል ሲቀረው መሆኑ ነው።

በጦርነቱ ጊዜስ ምን አደረጉ?

እዚህ ላይ ሰውየውን ማቆንጀት አይቻልም። በ1982 እስራኤል ሊባኖስን ስትወር የክርስቲያን ታጣቂዎች ተከትለዋት ሹፍ ገቡ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ጁምብላት ቤይሩት ውስጥ ከመኪና ቦምብ ለጥቂት ተረፉ። ሴፕቴምበር 1983 የእስራኤል ጦር ድንገት ከሹፍ ለቆ ወጣ። የተራራው ጦርነት የሚባለው ያኔ ፈነዳ።

የጁምብላት ሚሊሻ በሶሪያና በፍልስጤም አጋሮች ታግዞ አሸነፈ። ክርስቲያን መንደሮች ተቃጠሉ፤ ሰው ተገደለ። ዴር ኤል ቀመር ተፈናቃይ እንደሞላባት ለሦስት ወር ገደማ ተከበበች። በጠቅላላው ከመቶ ሺህ በላይ ክርስቲያኖች ከተራራው ተነቀሉ። በድሩዞችም ላይ ግድያ ተፈጽሟል። ሁለቱም ወገን በ1860 የተላለቁበትን ዘመን እያስታወሰ ነበር የሚዋጋው። አያት የነገረው ታሪክ ለልጅ ልጅ ጥይት ሆነ።

ከድሉ በኋላ ጁምብላት ሹፍን እንደ ትንሽ አገር አስተዳደሩት። "የተራራው ሲቪል አስተዳደር" የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቁመው ቀረጥ ይሰበስቡ፣ መንገድ ያስጠግኑ ነበር።

የተፈናቀሉት ተመለሱ?

ከፊሉ። ጦርነቱ አብቅቶ "የተፈናቃዮች ሚኒስቴር" ሲቋቋም ሚኒስትሩ ማን ሆኑ? ዋሊድ ጁምብላት። ያፈናቀለው ሚሊሻ አዛዥ የመመለሱ ሥራ ኃላፊ ሆኑ ማለት ነው። ሊባኖስ እንዲህ ናት። ለቤት ማደሻ ገንዘብ ተከፈለ፤ በየመንደሩ ዕርቅ ተፈረመ። ገንዘቡ የት የት ገባ የሚለው ጭቅጭቅ ግን አላበቃም።

ትልቁ ቀን የመጣው ኦገስት 2001 ነው። የማሮናውያን ፓትርያርክ ነስረላህ ስፌር ወደ ሹፍ ወጡ፤ ጁምብላት ሙክታራ ላይ ተቀበሏቸው። ድሩዝ መንደሮች ላይ ሰው በየመንገዱ ዳር ቆሞ ለክርስቲያን ፓትርያርክ አጨበጨበ። ያኔ ሊባኖስን ይዛ የነበረችው ሶሪያ አልወደደችውም። ጉብኝቱ በተጠናቀቀ በቀናት ውስጥ የጸጥታ ኃይሎች ብዙ የተቃዋሚ ክርስቲያን ወጣቶችን አፈሱ።

ዛሬ ብዙዎቹ ቤቶች ታድሰዋል። ባለቤቶቹ ግን የሚመጡት በሙቀቱ ወራት ወይም ቅዳሜና እሁድ ነው። ልጆቻቸው ቤይሩት ተወልደው አድገዋል። ሥራቸውም ትምህርት ቤታቸውም እዚያ ነው።

ለምን እንዲህ አቋም ይቀያይራሉ?

እስቲ ጉዞውን በአጭሩ እንየው። በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ የሶሪያ አጋር። በ2000 ፓርላማ ውስጥ ቆመው የሶሪያ ጦር ቦታው እንደገና ይታይ አሉ። በ2005 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ራፊቅ ሃሪሪ ሲገደሉ ሶሪያን ያስወጣው የማርች 14 እንቅስቃሴ ግንባር ቀደም ተናጋሪ ሆኑ። በ2007 አደባባይ ወጥተው በሽር አል አሳድን እባብ ብለው፣ ዝንጀሮ ብለው ሰደቡ።

ሜይ 2008 መጣ። መንግሥት የሂዝቦላህን የስልክ መስመር ሊዘጋ ሲል ሂዝቦላህ ምዕራብ ቤይሩትን በሰዓታት ያዘ። ውጊያው ወደ ተራራው ወጣ። ጁምብላት ታጣቂዎቻቸው እንዳያልቁ ብለው ተቀናቃኛቸውን ታላል አርስላንን አማልዱኝ አሉ። አርስላኖች ሌላው የድሩዝ ባላባት ቤት ናቸው፤ የጁምብላት እናትም ከዚያው ቤት ናቸው። በዓመቱ፣ ኦገስት 2009፣ ከማርች 14 ወጡ። ማርች 2010 በቴሌቪዥን ቀርበው የ2007ቱ ንግግሬ ራሴን በሳትኩበት ሰዓት የወጣ ነው አሉ፤ ወዲያውም ደማስቆ ሄደው ከበሽር ጋር ቡና ጠጡ። በ2011 መጀመሪያ ድምፃቸውን ወደ ናጂብ ሚቃቲ አዙረው የራፊቅ ልጅ ሰዓድ ሃሪሪ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት የሚመለሱበትን መንገድ ዘጉ። ብዙም ሳይቆይ የሶሪያ አብዮት ሲነሳ እንደገና የአሳድ ጠላት ሆኑ።

አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ብዙ ሰው ጁምብላትን የሚያያቸው እንደዚያ ነው። እኔ ግን ማደሪያ አላቸው ባይ ነኝ። እያንዳንዱን መገልበጥ ብታዩት መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቀጣዩ ጥይት ሹፍ ላይ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም? ሜይ 2008 ይሄን በደንብ ያሳያል። ቤይሩትን በአንድ ሌሊት ያጡ ሰው በሚቀጥሉት ቀናት ተራራውን ላለማጣት ለተቀናቃኛቸው ስልክ ደወሉ።

ይሄ ግን ይቅርታ ማድረጊያ አይደለም። እሳቸውን አምኖ አደባባይ የወጣው የቤይሩት ወጣት የሹፍ ሰው አልነበረም። እሱ ተራራ የለውም።

ፓርቲያቸው የምር ሶሻሊስት ነው?

በስሙ አዎ። አባላቱን ብትቆጥሩ አብዛኛው ድሩዝ ነው። ሊቀመንበርነቱ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሄዷል። ካማል ቢያንስ የራሳቸውን መሬት ለገበሬ አከፋፍለዋል ይባልላቸዋል። የዋሊድ ፓርቲ ግን ከርዕዮተ ዓለም ይልቅ የቤት አስተዳደር ይመስላል።

ሙክታራ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ይደረግ ነበር?

ሰው ይጎርፍ ነበር። ሙክታራ የቤተሰቡ መኖሪያ የሆነ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ነው። ከወንዝ የተጠለፈ ውሃ ግቢው መሐል እየተንዶለዶለ ያልፋል። ግቢው ውስጥ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሼኮች አሉ። ከረቫት ያሰረ ጠበቃ አለ። የሆስፒታል ወረቀት የያዘች እናት አለች። ልጄን ጦር ሠራዊት ያስገቡልኝ የሚል ገበሬ አለ። ተራው ሲደርስ ይገባል፤ ቤክ ቆመው ያዳምጣሉ፣ ረዳታቸው ማስታወሻ ይይዛል። አንዳንዱ ጉዳይ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ይሄ ሥርዓት በሊባኖስ "ዛዒም" ለሚባለው መሪ ዋና ሥራው ነው። መንግሥት ሥራ ካልሰጠህ፣ ሆስፒታል ካልተቀበለህ፣ ዛዒምህ ጋ ትሄዳለህ። በምርጫ ቀን ደግሞ ትከፍላለህ። ሰውየውን ቀርበው የሚያውቁ ርኅራኄያቸው የውሸት አይደለም ይላሉ። ይሁን። ግን ያቺ እናት ሆስፒታል የመግባት መብቷን ደጅ ጠንታ ልትለምን ለምን ተራራ ትወጣለች? እሳቸው ለብዙ ዓመታት የመንግሥቱ አካል ነበሩ እኮ።

ምርጫው እንዴት ነው የሚካሄደው?

የሊባኖስ ፓርላማ 128 መቀመጫ አለው፤ ግማሹ ለክርስቲያን፣ ግማሹ ለሙስሊም። ድሩዝ በሙስሊሙ በኩል ተቆጥሮ 8 ይደርሰዋል። ሹፍ ብቻውን 8 ተወካይ አለው፦ 3 ማሮናዊ፣ 2 ድሩዝ፣ 2 ሱኒ፣ 1 የግሪክ ካቶሊክ። ከ2018 ጀምሮ ከጎረቤቱ ከአሌይ ጋር አንድ የምርጫ ክልል ሆኖ 13 መቀመጫ ይዟል።

ድሮ በአብላጫ ድምፅ ሕግ ጁምብላት የሚያወጡት ዝርዝር ማሮናዊውንም ሱኒውንም ይዞ ይገባ ነበር። የተመጣጣኝ ውክልና ሕግ ሲመጣ ይሄ ቀረ። በ2022 ከ13ቱ 3ቱን የወሰዱት ከ2019ኙ የአደባባይ ተቃውሞ የመጡ አዳዲስ ሰዎች ናቸው። በዚያ ተቃውሞ መፈክሩ "ሁሉም ማለት ሁሉም" ነበር፤ ጁምብላትም ከሁሉም አንዱ ነበሩ። ከአዲሶቹ አንዱ ማርክ ዳው አሌይ ላይ ታላል አርስላንን አሸነፈ። የጁምብላት ቤት ግን የራሱን የድሩዝ መቀመጫዎች አላስነካም።

ስለ ቆሻሻውና ስለ ሲሚንቶው የሚወራው ምንድን ነው?

ናዓሜ ከቤይሩት በስተደቡብ ባህር ዳር ያለች ከተማ ናት። በ1997 የዋና ከተማዋ ቆሻሻ መድፊያ እዚያ ተከፈተ። ቆሼ በሉት። ለጥቂት ዓመት ነው ተብሎ 18 ዓመት ቆየ። ጁላይ 2015 ነዋሪው መንገድ ዘጋ፣ መድፊያውም ተዘጋ። ቤይሩት በቆሻሻ ከረጢት ተጥለቀለቀች። "ገማችሁ" የሚል ስም የያዘው የተቃውሞ እንቅስቃሴ የተወለደው ከዚያ ሽታ ነው። የአካባቢው ሰው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ መሪያችን እያሉ ይሄ ሁሉ ዓመት እንዴት ዝም ተባለ?

ሲብሊን ደግሞ እዚያው ሹፍ ውስጥ ያለ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ጁምብላት ድርሻ እንዳላቸው የታወቀ ነው። በአንድ እጅ የዝግባ ደን የሚጠብቁ ሰው በሌላው እጅ የሲሚንቶ ባለድርሻ ናቸው።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል?

በወረቀት አዎ። ማርች 19 ቀን 2017፣ በአባታቸው 40ኛ ሙት ዓመት፣ ሙክታራ ላይ በሺዎች ፊት ኩፊያ የሚባለውን የፍልስጤም ሻሽ በልጃቸው በታይሙር ትከሻ ላይ አደረጉላቸው። መልእክቱ ለሰው ገብቶት ነበር። ታይሙር በ2018 የፓርላማ ወንበሩን፣ በ2023 ሊቀመንበርነቱን ወሰዱ። ዝምተኛ ናቸው፤ ወንበሩ የጎረበጣቸው ይመስላሉ። አባትየውም በወጣትነታቸው እንደዚያ ይባሉ ነበር።

ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም። አሳድ በወደቁ በሁለት ሳምንት፣ ዲሴምበር 2024፣ ደማስቆ ሄደው ከአዲሱ መሪ ከአሕመድ አል ሸርዓ ጋር ተገናኙ። ከሊባኖስ መሪዎች የቀደማቸው የለም። በ2025 ሶሪያ ውስጥ ሱወይዳ ላይ ድሩዞች ሲታረዱ ወደ እስራኤል አትዙሩ፣ ከደማስቆ ጋር ተነጋገሩ አሉ። ከራሳቸው ወገን ሳይቀር ክፉኛ ተነቀፉበት። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሙክታራ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ የተከማቸ መሣሪያ እንደነበረና ለጦር ሠራዊቱ እንዳስረከቡ ተናገሩ። በትርፍ ጊዜያቸው ኦስካር የሚባለውን ቆዳው የተጨማደደ ውሻቸውን ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ይለጥፉ ነበር። ተከታዮቻቸው ከፎቶው ውስጥ የፖለቲካ መልእክት ይፈልጉ ነበር። አንዳንዴም ያገኙ ነበር።

ሊባኖስ ላሉ ኢትዮጵያውያን ሹፍ ምናቸው ነው?

"ጀበል" (በዐረብኛ ተራራ) ሲባል የሰማችሁት አካባቢ አንዱ ክፍል ነው። ብዙ እህቶቻችን አሠሪው የሠራተኛዋ ፈቃድ ዋስ በሚሆንበት በከፋላ ሥርዓት በተራራው መንደሮች ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ቤይሩት ያለች ሴት እሁድ ወጥታ የአገሯን ሰው ታገኛለች፤ ተራራ ላይ ያለችው ታክሲው ራሱ ይርቃታል። በ2024 መኸር ጦርነቱ ሲፋፋም ከደቡብ የሸሸ ብዙ ሰው ሹፍ ተጠለለ። ሹፍም ግን ሙሉ በሙሉ አልተረፈም። ኖቬምበር ላይ ባርጃ ከተማ በእስራኤል የአየር ድብደባ ከ20 በላይ ሰው ሞቷል።

ሌላው ትስስር ያማል። ጃንዋሪ 25 ቀን 2010 ሌሊት ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ባህር ውስጥ የወደቀው ከናዓሜ ፊት ለፊት ነው። የተሳፈሩት 90 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሊባኖሳዊና ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በአንድ ባህር ዳር ቆሞ አስከሬን ጠበቀ።

መጎብኘት ይቻላል?

አገሩ ሰላም ሲሆን በደንብ። ከቤይሩት ሙክታራ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። መጀመሪያ ዴር ኤል ቀመር ውረዱና አደባባዩን እዩ። ከማዶ ቤተዲን ይታያል፤ ያ በሽር ጁምብላትን ያስገደለው አሚር የሠራው ቤተ መንግሥት ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ከጂዬ ባህር ዳር የመጡ የቢዛንታይን ዘመን ሞዛይኮች አሉ። በጦርነቱ ጊዜ ከዘራፊ አስጥለው እዚያ ያመጧቸው ጁምብላት ናቸው። በሙቀቱ ወራት ደግሞ በግቢው የሙዚቃ ፌስቲቫል ይካሄዳል፤ የምትመራው ባለቤታቸው ኖራ ናት።

ከዚያ ወደ ባሩክ ውጡ። መዝሙረ ዳዊት "እንደ ሊባኖስ ዝግባ ያድጋል" ሲል የምናውቀው ዛፍ እዚያ ቆሟል። በሊባኖስ ከቀረው ዝግባ ሩብ ያህሉ የሚገኘው በ1996 በተከለለው በዚህ ደን ነው። ዛፎቹ ቅርንጫፋቸውን እንደ ምንጣፍ ወደ ጎን ዘርግተው ነው የሚያድጉት፤ ከሥራቸው ሲቆሙ ቀን ላይ እንኳ ይጨልማል። በብርዱ ወራት በረዶው መንገዱን ስለሚዘጋው ከሜይ በኋላ ብትሄዱ ይሻላል። ጃኬት ያዙ።